የቤት ዋጋ የሚያወጣው መኪና

የናፍጣና የአዲስ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን በነካ ቁጥር አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ጸሐፊ ሆኜ ወደምሠራበት፣ የጭነት መኪና ላይ መኝታና ማድቤት ወደሚገጠምበት ጋራዥ፣ ሽበታቸውን በሻሽ ሸብ አድርገው፣ የወንድ ቡትስ ተጫምተው መጡ።

"በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ስንት ነው?"

ሻጩ ዋጋውን ሲነግራቸው አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ክው አለች።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ የቤታችን ዋጋ ነው!"

"ታዲያ ቤቱን ለምን የሸጥኩት ይመስልሻል?"

"ሸጥሽው?"

"ላቤን አፍስሼ የሠራሁት ቤት ነው፤ ሸጥኩት። ስንቱን አገር የሰው ጭነት ይዤ አለፍኩ፤ አንዱንም ቆሜ አላየሁት።"

ሻጩ ፈገግ ብሎ፣ "ሹፌርስ፣ እማማ?" አላቸው።

መሪ ያደነደነውን መዳፋቸውን ዘረጉለት። "ሹፌሩ ይኸውልህ። ቁልፉን አምጣ!"

አንገታቸው ቀጥ እንዳለ ነበር። ልጅቱ ቦርሳዋን አንስታ፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳትል ወጣች።