የታገሥሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አለሚቱን ቀበርናት። አልቃሿ ትዕግሥቷን ስታነሳ ለቀስተኛው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፤ የማውቀው በሬሳ ፊት የሚባል አልነበረም።

በልጃገረድነታችን ሁለታችንም ደብረ ታቦር፣ ከአንዲት መነኩሴ ወጌሻ ዘንድ፣ ስብራት መጠገንና በሽተኛ ማስታመም እንማር ነበር። እማሆይ ገንቦ ሰብረው ስልቻ ውስጥ ይከቱና ሳናይ፣ በዳሰሳ ብቻ፣ ስባሪውን እንድንገጥም ያዙናል። እኔ ቶሎ እገጥማለሁ። አለሚቱ እያንጎራጎረች ግማሽ ቀን ትፈጅበታለች። የምትመሰገነው ግን እሷ ናት።

"የአንቺ እጅ ያውቃል፤ ጠባይሽ ግን ለበሽተኛ አይሆንም። ችኩል ነሽ" ይሉኛል።

ሳቂታ ሰው ሁሉ ታጋሽ ይመስላል። የእኔ ፊት ደግሞ ሲፈጥረኝም የተኮሳተረ ነው።

በሐምሌ ወንድሜን ከጋፋት በቃሬዛ አመጡት። ለመድፍ መሥሪያው ምድጃ ግንድ ሲያወርዱ አንዱ ተንከባሎ እግሩን ሰብሮታል። ተሸካሚዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ። እማሆይ አጥንቱን አቃኑ፤ እኔ በቀርከሃ ስንጥር ደግፌ በጨርቅ አሰርሁት። በማግስቱ እማሆይ ለሌላ ሕመምተኛ ወደ እብናት ተጠሩ። በቅሏቸው ላይ ሆነው፣ "እስክመለስ ማንም እንዳይፈታው፤ በተለይ አንቺ" አሉኝ።

"እሷማ ከፈታች ቆዳዬንም ትገፍፈዋለች" አለ ወንድሜ። ሳቅን። የገብስ ገንፎውን ጠርጎ በላ።

በሁለተኛው ቀን ገንፎው ተረፈ። የእግሩን ጣቶች ዳሰስሁ፤ ዝናብ ያደረበት ድንጋይ ሆነዋል።

"አለሚቱ፣ ቀዝቅዟል። እንፍታው።"

"ይኸው ጀመረሽ። ክረምት አይደል? የእኔም ጣት ቀዝቅዟል።"

በሦስተኛው ቀን ራሱ ለመነኝ። "እታለም፣ ጨርቁን ትንሽ አላዪልኝ።"

ቋጠሮውን ያዝሁ። አለሚቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ለቀቅሁት።

"ነገ ይመጣሉ፤ ታገሥ" አልሁት፣ ድምፄን እንደ እሷ አለስልሼ።

እማሆይ መጥተው ሲፈቱት እግሩ ጠቁሯል። "ጣት ሲቀዘቅዝ ማሰሪያው ይላላል ብዬ አላስተማርኋችሁም?" አሉ። ማንም እንዳይፈታው ማለታቸውን አላነሡም። አለሚቱ አለቀሰች፤ አቅፈው አባበሏት። እኔ አላለቀስሁም፤ ልበ ደረቅ ተባልሁ። ወንድሜን ፍልሰታ ሳትገባ ቀበርነው።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ስጠግን ኖርሁ። ዛሬም ችኩል ናት፣ ምላሷ መራራ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። እማሆይን ይቅር አላልሁም። አለሚቱንም በሕይወት ሳለች ይቅር አላልኋትም። ግን ያን ጨርቅ ያሰርሁት እኔ ነኝ። በሁለት ጣት ሳብ ቢያደርጉት የሚፈታ ቋጠሮ ነበር።