አባባ ልብስ ስፌት የገባ ጊዜ

አባባ ዕድሜውን ሙሉ የእስር ቤት ጠባቂ ነበር። ሥራ ላይ ፊቱ ዝናብ ያዘለ ደመና ይመስላል፤ ቤት ሲገባ ግን ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ፈረስ ይሆንልን ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ቤቱ ጠበበው። በጠዋት ይላጫል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ከዚያ ማዘዝ ይጀምራል። ድስቱ ለምን እዚህ ተቀመጠ? መጥረጊያው ለምን ተጋደመ? አንድ ቀን እናታችን ወገቧን ይዛ፣ "ሰውዬ፣ እኔ የተፈረደብኝ አንተን ማግባት ብቻ ነው፤ ዘበኛ አልተጨመረብኝም" አለችው። ስቆ ኮፍያውን አነሳና ወጣ።

ገበያው ጥግ አንዲት ጠባብ ልብስ ስፌት ቤት አለች። ባለቤቱ በወጣትነቱ በጠብ ሰው አቁስሎ ታስሮ የነበረ ሲሆን፣ ሙያውንም የተማረው አባባ ይጠብቀው በነበረው የስፌት ክፍል ነው። አባባን በሩ ላይ ሲያይ ብድግ ብሎ ቀጥ አለ።

"ተቀመጥ እንጂ" አለው አባባ። "ሥራ ፍለጋ ነው የመጣሁት።"

"አለቃ፣ እየቀለዱብኝ ነው?"

"የምን ቀልድ? ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ይዤ ኖርኩ፤ ቁልፍ መትከል ግን አላውቅም። አስተምረኝ።"

ተቀጠረ። መጀመሪያ ላይ ጣቱ በመርፌ ተበሳሳ። ልብስ ሰፊውም አልማረውም። "አለቃ፣ ይሄ ስፌት ነው ወይስ የአጥር ሽቦ? ይፍቱት" ይለዋል።

አባባ እየፈታ፣ "በኔ ዘመን የተፈታው እስረኛ ሁሉ ቢደመር፣ እኔ የፈታሁትን ስፌት አያክልም" ይላል።

እናታችን ለሁለቱም ምሳ ትወስድ ጀመር። እሷ ያልተመቻት ቀን እኔ ወሰድኩ። አባባ ክር ሊገዛ ወጥቶ ነበርና ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ታስሬ ሳለሁ እናቴ ሞተች" አለኝ። "መርዶውን የነገሩኝ አባትሽ ናቸው። ተረኛው እስኪቀይራቸው አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ዋሉ።"

አባባ ይህን ነግሮን አያውቅም። ማታ ስጠይቀው፣ "ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልጁ ብቻውን ነበር" አለና ወሬ ቀየረ።

የአባባ ዓይን ሲደክም ልብስ ሰፊው መርፌዎቹ ላይ በጠዋት ክር አስገብቶ ይጠብቀው ነበር። አባባም እስኪታመም ድረስ አልቀረም። ብዙም ሳይሰቃይ፣ ሁላችን ከበነው አረፈ።

እናታችን ከሐዘኑ በኋላም ምሳ መውሰዷን አልተወችም። ልብስ ሰፊው፣ "እማማ፣ አይልፉ" ቢላት፣ "ብቻዬን እህል አይወርድልኝም" አለችው። እሱም የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ እጁን ታጥቦ ወንበር ይስብላታል።