የስማዳው ሜዳና የጃንጥላ ያዥ ልጅ

ከንፋስ መውጫ ሐሙስ ማለዳ የተነሣሁት አገር ለማየት አይደለም፤ ለትዳር ነው። ልጅቱስ ተገኝታለች፤ የባላምባራስ አስራት ልጅ የሺ ናት። የቸገረው የአባቴ ስም ነው። ሽማግሌ ልኬ ዘር ማንዘር ሲቆጠር፣ ከቤተ ዘመዱ አንዱ «የጃንጥላ ያዥ ልጅ አይደለም እንዴ? ለጣልያን ያደረ ነው ይባላል» ብሎ ነገሩን አቆመው። በዚህ ቅጽል ከልጅነቴ ጀምሮ ተሰድቤበታለሁ፤ ትርጉሙን ግን የነገረኝ የለም። አባቴ የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። እናቴም በጠየቅኋት ቁጥር «ተወኝ» እንዳለች ዐረፈች።

ባላምባራስ እሺም እንቢም አላሉ። «ስማዳ ውረድ» አሉኝ። «ጣልያን አይሮፕላን ያሳርፍበት በነበረው ሜዳ ላይ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ የሚባሉ ሰው አሉ። የጦርነቱን ብረታ ብረት በአንድ ቤት ሰብስበው ለሰው ያሳያሉ። አባትህን የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። የነገሩህን ይዘህ ና፤ መልሴን ያኔ ትሰማለህ።»

በሆዴ ሳቅሁ። እኔ ደብረ ዘይት አይሮፕላን ስፈታና ስገጥም የምውል መካኒክ ነኝ። አንድ የድጓ መምህር ምን አይሮፕላን ሊያሳየኝ ነው ብዬ ነበር።

ሐሙስ፣ ወደ አርብ ገበያ

የተከራየኋት በቅሎ ዳገት ላይ ትታዘዛለች፤ ቁልቁለት ላይ ግን የራሷ ሐሳብ አላት። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ በየአውድማው በሬ ይነዳል፣ ገለባው ዐይን ውስጥ ይገባል። አርብ ገበያ ከምትባለው መንደር ስደርስ መሸ። አንድ ደጅ ቆሜ «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፤ አሳድሩኝ» አልሁ።

«ቤት ለእንግዳ» አሉ ባለቤቲቱ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የገብስ ቂጣ በሽሮ አቀረቡልኝና ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ጫማህን እንዳትረሳ» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«መሪጌታ ሲያስገቡ ያስወልቃሉ። የወንድሜ ልጅ ከዚያ ሲወጣ ደንግጦ ጫማውን ረስቶ ግማሽ መንገድ መጥቷል።»

ዓርብ ዕለት ገበያተኛው ሽቅብ፣ እኔ ቁልቁል ስንተላለፍ ዋልን። ባቄላና ገብስ የጫነ አህያ መንገዱን ሞልቶት ስለነበር በቅሎዬን እየደጋገምሁ ወደ ዳር አወጣት ነበር።

ቅዳሜ፣ ሜዳው

ከአፋፉ ላይ ሆኜ ሳየው ቀጥ ብሎ የተዘረጋ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ የተደለደለ መሬት ነው። ከብት ይግጥበታል፤ ያረሰው ግን የለም። ጫፉ ላይ ጣልያን ቤንዚን ያስቀምጥበት የነበረ የድንጋይ ቤት ቆሟል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ጠበቁኝ፤ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው።

«ጫማህን አውልቅ» አሉ። «እዚህ ያለው ሁሉ ሰው የሞተበት ነው።»

ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምሁ። ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የተጣመመ ፕሮፔለር ግድግዳውን ተደግፏል። አንድ ጎማ አለ፣ አንድ የቆዳ ቆብም አለ። በወዲያኛው በኩል ሙሉ ክንፍ፣ በጥይት እንደተበሳሳ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል።

የተጻፈ ነገር የለም። መሪጌታ ቤተ ልሔም በሚባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ የተማሩ ናቸውና የየዕቃውን ታሪክ በቃላቸው ይዘውታል። ዕቃውን በመቋሚያቸው ነካ ያደርጋሉ፤ ከዚያ በዜማ በዚያ ዕቃ ሰበብ የሞቱትን ሰዎች በክርስትና ስማቸው ይጠራሉ። ክንፉ ጋ ሲደርሱ ስሙ አላልቅ አለ። ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ሰንበት እያሉ ሲቀጥሉ እግሬ ቀዘቀዘ። ክንፍ ስንት ጊዜ አጥቤአለሁ፣ ስንት ጊዜ ጠግኛለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ከክንፍ ሥር ሰው እንዳለ አስቤ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

ቀና ስል ጣራው ነጭ ነው። የአይሮፕላን ነጂ የሚወርድበት ጃንጥላ፣ ሐሩ ወየብ ብሎ፣ ከላያችን ተዘርግቷል። ገመዱን ያዝሁ፤ እንዲህ ያለውን ማጠፍ ሥራዬ ነው።

«ይህ አልተበጠሰም» አልሁ። «ተቆርጧል። በካራም አይደለም፤ ጥርስ ባለው ነገር ነው።»

መሪጌታ ትኩር ብለው አዩኝ። «የማን ልጅ ነህ?»

«የደምሴ። ጃንጥላ ያዥ የሚሉት።»

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ያለ ዜማ፣ እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ።

«የቆረጠው ማጭድ ነው፤ የአባትህ ማጭድ። የመከር ጊዜ ነበር። አንድ የጣልያን አይሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ ነጂው በዚህ ወርዶ ወይራ ላይ ተንጠለጠለ፣ ደሙ ይንጠባጠባል። ሁለት ሰዎች ቀድመው ደረሱ። አንዱ ጦር፣ አባትህ ማጭድ ይዟል። ባለ ጦሩ ሊወጋ ሲል አባትህ መካከል ገባ። እኛ አገር ጃንጥላ ተይዞለት ሲወጣ የምናውቀው ታቦት ነው። ስለዚህ ‹ከሰማይ ጃንጥላ ተይዞለት የወረደን ሰው እኔ አልገድልም፤ አንተም አትነካውም› አለ። ተሳስቷል፤ ጨርቅ ነው። ግን እግዜር ስሕተቱን ወዶለታል እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ገመዱን ቆርጦ አወረደው። በቃሬዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወስደው ፀሐይ በረታች፤ አባትህ ይህንኑ ሐር ከቁስለኛው ራስ በላይ ይዞለት ሄደ። ፈረንጁ ደጀ ሰላም ሳይደርስ ሞተ። ባለ ጦሩ ግን በንዴት ‹ለጣልያን ጃንጥላ ያዘ› አለ፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። አባትህ በወሩ ከአርበኞች ጋር ሆኖ ቦምብ ወደቀበት። ቦምቡን የጣለው ኋላ የወደቀው ሌላው፣ ባለ ክንፉ አይሮፕላን ነው፤ ቅድም ክንፉ ጋ ጠርቼልሃለሁ እኮ። ወልደ ሰንበት እሱ ነው።»

የአባቴን የክርስትና ስም አላውቀውም ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ፤ መሪጌታም አላባበሉኝም። ሲበቃኝ ባላምባራስ አስራት እንደላኩኝ ነግሬ ባለ ጦሩ ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እሱን የላከህን ሰው ጠይቅ» አሉ።

ማክሰኞ፣ ንፋስ መውጫ

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ ተነሣሁ። መንገዱን ሁሉ በቅሎዋን ሳልቆጣ መጣሁ። ስድብ ነው ብዬ ስሸሸው የኖርሁት ስም የአባቴ ርስት ኖሯል።

ባላምባራስን ገበያው ዳር አገኘኋቸው። የሰማሁትን አንድ በአንድ ነገርሁና «ባለ ጦሩን እርስዎን ጠይቅ ብለውኛል» አልሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ወንድሜን በቦምብ ገድለውብኝ ነበር። አባትህ ባይቆም ኖሮ የተንጠለጠለ ቁስለኛ ወጋ ተብሎ ለልጅ ልጅ ይወራብኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ራስዎ አልነገሩኝም?»

«ከእኔ አፍ ብትሰማው፣ ልጄን ልዳርልህ ስል ያሳመርሁት ይመስልሃል። የሺ ያንተ ናት፤ አሁን ቤት እንግባ።»

ፀሐይዋ ከረር ብላለች። ባላምባራስ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘረጉና ከእኔ ራስ በላይ ያዙት። ደነገጥሁ። በእሳቸው ዕድሜና ማዕረግ ያለ ሰው ይያዝለታል እንጂ ለማንም አይይዝም።

«ባላምባራስ፣ ኧረ ይተዉ፣ እኔ ልያዝልዎ።»

«ተወኝ» አሉ፣ ነፋሱ እንዳይገለብጠው በሁለት እጃቸው ጨብጠው። «ዘግይቼ ነው እንጂ ይህን ሥራ ከአባትህ መማር ነበረብኝ።»

ገበያተኛው ቆሞ ያየን ነበር። ከደጃቸው እስክንደርስ አላወረዱትም።