ዓሣው የጾመበት ረመዳን

ባለፈው ሳምንት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ በአማርኛ ጮህኩ። ጥርሴን አሞኝ አይደለም። መጠበቂያው ክፍል ጥግ ላይ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ፤ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ሕፃን ወንበር ላይ ቆማ ብስኩቷን እየፈረፈረች በክዳኑ ክፍተት ወደ ውስጥ ትበትናለች። ፊቷ በደስታ በርቷል። "ኧረ ተይ! አትስጪው! ትገድይዋለሽ!" አልኩ ሳላስበው። ልጅቷ ደነገጠች፤ እናቷ ገላመጠችኝ፤ ጋዜጣ ያነብ የነበረ ሽማግሌ መነጽሩን አወለቀ። ወዲያው ይቅርታ ጠይቄ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ፤ ነገሩ በእንግሊዝኛ ሲነገር ግን ያን ያህል የሚያስጮህ አልመስል አለ። ይህን ሁሉ ዓመት ለንደን ኖሬ፣ ስደነግጥ አሁንም የምጮኸው በደሴ አማርኛ ነው። ሐኪሙ ጥርሴን ሲነካካ ያን ሁሉ ሰዓት አፌን ከፍቼ የማስበው ስለ አንድ ዓሣ ነበር።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ሃርልስደን በሚባል የለንደን ሠፈር እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ የአዲስ አበባ ሴት ዘንድ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ይሠራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቢሮ ያጸዳሉ፤ መቼ እንደሚተኙ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። የተከራየሁት ክፍል የልጃቸው የቢንያም ነበር። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ብሪስቶል ከተማ አባቱ ዘንድ ከገባ ወራት አልፈዋል። ግድግዳው ላይ የኳስ ተጫዋቾች ሥዕል ተለጥፎ የተነሣበት ምልክት ይታያል።

ገና የገባሁ ዕለት በሩ ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦

"ክፍሉ የልጄ ነው። ተመልሶ የመጣ ቀን ትለቂልኛለሽ። ኋላ እንዳንቀያየም፣ ከአሁኑ እንነጋገር ብዬ ነው።"

"እሺ እትዬ፣ ችግር የለም።"

"ሄቲንጉን ማታ ማታ ብቻ ነው የምታበሪው። የማሞቂያው ቢል ገደለኝ።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ሳያዩ በአገጫቸው ብቻ እያመለከቱ፣ "እሱን ደግሞ ተይው። ሲሞት እጥለዋለሁ" አሉ።

መስኮቱ አጠገብ መደርደሪያ ላይ የመስታወት ገንዳ ነበር። ውሃው ጎመን የተቀቀለበት ይመስላል። ምን እንደሚሞት አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ፈራሁ። በማግስቱ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ዳቦ ስበላ ግን ከአረንጓዴው ውስጥ አንድ ነገር ወደ መስታወቱ ተጠጋ። ወርቃማ ዓሣ ነው፤ መቼም ይባላል እንጂ ወርቁ ከላዩ ጠፍቶ፣ ፀሐይ ላይ እንደከረመ የብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። ክንፎቹ ተበልተዋል። አፉን ከፈት ከደን እያደረገ አየኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ጨካኝ አልነበሩም። ትዝ ሲላቸው ገባ ብለው ሳያዩት እፍኝ የማይሞላ ምግብ ይወረውሩለት እንደነበር ኋላ ነገሩኝ። የልጃቸውን ነገር ማየት ነበር ያልቻሉት። ይህ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው፤ ያኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነበር።

የራሴ ደግሞ ይኸውላችሁ። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ፓርክ ሮያል ወደሚገኝ ሳንድዊች ፋብሪካ እሄዳለሁ። ፀጉራችንን በመረብ ሸፍነን፣ እንደ ማቀዝቀዣ በበረደ አዳራሽ ውስጥ፣ በሚሮጥ ቀበቶ ላይ ለሚያልፈው ዳቦ ሁሉ ኪያር እደረድራለሁ። ግራ ቀኜ ሴቶች አሉ፤ ማሽኑ ግን ስለሚጮህ የሚነጋገሩት በአገራቸው ቋንቋ እየጮሁ ነው፤ የእኔን ቋንቋ የሚጮህ አልነበረም። ትምህርት ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ ለፈተና እንጂ ለጩኸት አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ስመለስ መንገዱ ሁሉ ከየፋብሪካው በሚወጣ የትኩስ ዳቦ ሽታ ታውዶ፣ ሰማዩ ደግሞ ገና ሳይመሽ ጠቁሮ ይቆየኛል። ቤት ስደርስ እትዬ ጥሩነሽ ወጥተዋል፤ ደረጃው ላይ የእጃቸው ቅባት ሽታ ብቻ አለ። ከሰው ጋር አንድም ቃል ሳልለዋወጥ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ የሰው እግር ረግጬ "ሶሪ" ስል፣ ድምፄ ሳልናገርበት ከመክረሙ የተነሣ ሻክሮ እኔኑ አስደነገጠኝ።

እናም ዓሣውን አልተውኩትም። ገንዳውን አጸዳሁለት፤ ስሙን ስለማላውቀው "ጌታው" አልኩት። ውሃው ሲጠራ መተያየት ጀመርን። በሩን ስከፍት ከየትም ሆኖ ዞር ይልና ወደ እኔ ይመጣል። ለሌላው ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ከሥራ ስወጣ እርምጃዬ እንደፈጠነ ታወቀኝ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው። እኛ አገር እንግዳ "ጠገብኩ" ቢል ማን ይሰማዋል? ይህ እንግዳ ደግሞ ጭራሽ ጠገብኩ አይልም፤ አፉን ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ ሰጠሁት፤ በላ። የዳቦ ቅርፊት ሰጠሁት፤ በላ። የዕንቁላል አስኳል ሳይቀር አቀረብኩለት። "ብላ እንጂ ጌታው። በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እለዋለሁ፤ እናቴ ከስቶ ለመጣባት ዘመድ እንደምትለው። አንድ ቀን ስገባ ዞር አላለም። ሆዱ ተነፍቶ፣ በጎኑ ተገልብጦ ውሃው ላይ ተንሳፏል፤ አንድ ዓይኑ ኮርኒሱን ያያል። ክንፉ ግን ይንቀሳቀሳል።

ካፖርቴን ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ከሞተ፣ እዚህ ቤት መግባቴን የሚያውቅ ፍጡር አይኖርም ብዬ አሰብኩ። ይህን ካሰብኩ በኋላ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፤ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ዋናው መንገድ ላይ የወፍ ጥሬና የድመት ምግብ የሚሸጡ አንዲት ጃማይካዊት አሮጊት ነበሩ። መዳፌን ዘርግቼ ገለበጥኩላቸውና "ዓሣ" አልኩ። ገባቸው።

"ምን አበላሽው?" አሉኝ።

አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ባንኮኒውን ይዘው ሳቁ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብታበዪኝ እኔም እገለበጥ ነበር! በይ ስሚ። ጥቂት ቀን ምንም እንዳትሰጪው። ቢለምንሽ ፊትሽን አዙሪ። ከዚያ አረንጓዴ አተር ቀቅለሽ፣ ልጣጩን አውጥተሽ፣ ቆንጥረሽ ስጪው። የቧንቧ ውሃም መድኃኒት አለበትና በባልዲ አሳድረሽ ጥቂት ጥቂቱን ብቻ ቀይሪለት።"

በዚያው ሰሞን ረመዳን ገባ። ከቤቴ ርቄ የጾምኩት የመጀመሪያው ረመዳን ነው። ደሴ ቢሆን ጾም የሚፈታበት መግሪብ ሲቃረብ ሳምቡሳው በየቤቱ ይንጫጫል፣ ሾርባ የያዙ ልጆች ከጎረቤት ጎረቤት ይሯሯጣሉ፤ ማን ለማን እንደላከ እስኪጠፋ ድረስ ሳህን ይለዋወጣል። እዚህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ሰዓት አያለሁ። ሃይማኖታችን ታማሚ አይጾምም ይላል፤ እኔ ቤት ግን ታማሚው ካልጾመ አይድንም ተባለ። ስለዚህ አብረን ጾምን። የእኔን ረሃብ ቻልኩት። እሱ ግን ተገልብጦም ቢሆን ስገባ አፉን ይከፍታል፤ ይህን አይቶ እጅን ማጠፍ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ቅጣት ነው። "ትንሽ ነው የቀረው፣ ጌታው፤ ሶብር አድርግ" እለዋለሁ፤ ፊቴንም አዞራለሁ።

የአተሩ ቀን መግሪብ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ቢስሚላህ ብዬ ተምሬን አነሣሁ፤ ለእሱም ቁንጣሪ አተር አጠገቡ ጣልኩለት። ሳበው፣ ተፋው። እንደገና ሳበውና አስቀረው። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ከሌላ ፍጡር ጋር ሳፈጥር ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ተምሩን እያኘክሁ አለቀስኩ።

ጥቂት ቀናት እንዲሁ አለፉና አንድ ጠዋት ስነሣ ሆዱን ወደ ታች፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ሲዞር አገኘሁት። አጨበጨብኩ። በሩን ከፍቼ ወጣሁና ደረጃው ራስ ላይ ቆምኩ። እትዬ ጥሩነሽ ተኝተዋል። ያን ያህል ሰው በሚርመሰመስበት ከተማ "ዳነ እኮ!" የምለው አንድ ሰው አጣሁ። ተመልሼ ለራሱ ለዓሣው ነገርኩት። በሌላ ቀን እትዬ ጥሩነሽን ኮሪደር ላይ አግኝቼ "እትዬ፣ ዓሣው ዳነልኝ" ብላቸው፣ "እህ" ብለው ወደ ጫማቸው አጎነበሱ። ፋብሪካ ውስጥ አጠገቤ ለምትቆመው ሴትም ሞከርኩ፤ ማሽኑ ጮኸና ለእረፍት የጠራኋት መሰላት።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ዓሣው ቀልቶ እንደ በርበሬ ሆነ። በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት የኮሪደሩ ስልክ ጮኸ።

"ሃሎ? ማም?"

"እትዬ ጥሩነሽ የሉም፤ ሺፍት ገብተዋል። ዘሃራ እባላለሁ፣ ክፍሉን የተከራየሁት ነኝ።"

ቢንያም ነበር። "ሶ... ፊሹ ሞተ፣ ራይት? ኢትስ ኦኬ፣ ንገሪኝ። እሷ እንደማትመግበው አውቃለሁ። ሞተ እንዳትለኝ ብዬ ነው የማልደውለው" አለኝ። ድምፁ የጎረመሰ ነው፤ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ግን ተሰበረ።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ልደብቅ አልችልም። ክፍሉ የእሱ ነው። ከመጣ እወጣለሁ። ሞቷል ብዬ ብነግረው ልጁ አይመጣም፣ ክፍሉም ጌታውም ለእኔ ይቀራሉ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"አልሞተም" አልኩት። "ታሞ ነበር፣ ድኗል! እናትህም እስከ ዛሬ ካስቀመጥክበት ቦታ አላነሡትም። ና እየው።"

"ፎር ሪል? የእውነት?" ብሎ ጮኸ። "ስዌር?"

"ወላሂ። በጎኑ ተኝቶ ነበር እኮ! አሁን እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ በሩ ሲከፈት ይዞራል፤ አተር ይወዳል..." ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ነገርኩት፤ እሱም "ኖ ዌይ! ኖ ዌይ!" እያለ ሰማኝ። ስሙ ቺፕስ መሆኑን የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። ዓሣና ቺፕስ እየበሉ ከእናቱ ጋር ሄደው የገዙት ነው አለኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ሲመለሱ ነገርኳቸው። ከነካፖርታቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"ደወለ? ስለ እኔ ጠየቀ?"

"ስለ ዓሣው ነው የጠየቀው፣ እትዬ።"

"ይሁን። ደውሏል።" ተነሥተው እኔ ከተከራየሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍሉ ገቡና ገንዳው ላይ አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ። "ዘሃራ፣ ምን አድርገሽው ነው?" አሉና በመሐረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ልጁ ከዒድ በኋላ ባለው ቅዳሜ መጣ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሶ። እናትና ልጅ አልተሳሳሙም። ጎን ለጎን ገንዳው ላይ አጎነበሱ፤ ጭንቅላታቸው ሲነካካ ማንም ራሱን አላሸሸም። እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ዓሣው ወደ እነሱ ሄደ። በማግስቱ እትዬ ጥሩነሽ መጥተው "ዘሃራ፣ ልጄ..." ብለው ጀመሩ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበርና ቀሪው ገባኝ።

"እለቃለሁ እትዬ፣ ከመጀመሪያው ተነጋግረናል እኮ።"

"ቤት እስክታገኚ ሳሎን ትተኛለሽ። በግድ ነው!"

ብዙ አልቆየሁም፤ ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሠፈር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ሌላ ክፍል አገኘሁ። ቢንያም ሻንጣዬን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ተሸከመልኝ። አዲሱ ክፍል ሰፊ ነበር፤ ማሞቂያውም ይሠራል። ለብዙ ሳምንት በሩን ስከፍት ወደ መስኮቱ አይ ነበር።

አሁን ያን ክፍል የሚያህል ቁም ሣጥን አለኝ። ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ብቻዬን ስሆንም ብቸኝነቱ የድሮው ዓይነት አይደለም። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ስነግራቸው ደግ ነበርሽ ይሉኛል፤ ለእናትየው አዝነሽ እውነቱን ተናገርሽ ይሉኛል። አላርማቸውም። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ እትዬ ጥሩነሽ ትዝ አላሉኝም። ሐዘንን ሰው ብቻውን ይችለዋል፤ ይለመዳል። ደስታን ለብቻ መያዝ ነው የሚያንቀው። ስንት ቀን ሙሉ "ድኗል" የሚል ወሬ ይዤ ሰሚ አጥቼ ከርሜ፣ በመጨረሻ ወሬውን የሚፈልግ ሰው ራሱ ደወለ። አንድ ሰው "ፎር ሪል?" ብሎ እንዲጮህልኝ ክፍሌን ሰጠሁ። ዛሬም ቢሆን እሰጣለሁ።