የዘሃራ ኮምፒውተር ቁጥር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴማ ስንቱን ጥቃቅን ስዘረዝርላቸው ኖሬያለሁ፤ በጾም እንቁላል መብላቴን፣ ሰው መሳደቤን። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። "ሌላስ የቀረ አለ ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ። ውሸታም! አለ እንጂ። እርስዎ ስሜንም ፊቴንም አያውቁትምና ለእርስዎ ልናገረው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ነበረችኝ። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ ኮምፒውተር ገና ብርቅ የነበረበት፣ "ባለሙያው መጣ" ሲባል ሰው ከወንበሩ የሚነሳልኝ ጊዜ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ያስጫነው እኔን ነው። እንዴት እንደጫንኩ ልንገርዎ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ኦሪጅናል ሶፍትዌር እጭናለሁ ብዬ ተዋውዬ፣ አንዱን ኮምፒውተር በኮፒ ሲዲ ጫንኩና የእሱን እንዳለ ወደ ሌሎቹ ገለበጥኩት። ያኔ ሁላችንም የምንሠራው እንዲህ ነበር። ግን "ሁላችንም" ማለቱ ምን ይጠቅመኛል? የፈረምኩት እኔ ነኝ።

አንድ ክረምት የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ ደወለልኝ። የኮንትራት ሠራተኞች ቋሚ ሊሆኑ ሲሉ፣ የአንዳንዶቹ የአገልግሎት ዘመን ከኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ለሌሎች ደግሞ ተጨምሮ ተገኘ። ሠራተኛው በር ላይ ተሰብስቦ ይጮሃል። "ማን እንደገባ አውጣልን" አለኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ እንዴት ደስ እንዳለኝ! መርማሪ ሆንኩ ብዬ እኮ ነው።

የሠራተኛ መረጃ የሚያዝበት ፕሮግራም ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግብ ፋይል ነበረው። ከፈትኩት። የተጠቃሚው ስም አልረዳኝም፤ ቢሮው በሙሉ የሚገባው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነው፣ እሱም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከእያንዳንዱ መግቢያ ጎን ግን አንድ ረጅም ቁጥር አየሁ፤ የገባው ኮምፒውተር የዊንዶውስ ፈቃድ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ መኪና ታርጋ የየራሱ አለው። በደንቡ ተገዝቶ የተጫነ ከሆነ ማለቴ ነው። ያን ሰዓት ይህ ትዝ አላለኝም።

በሩ አጠገብ ወዳለው ኮምፒውተር ሄጄ ቁጥሩን አየሁ። መረጃው በተነካበት ቀን ከተመዘገበው ጋር አንድ ነው! "ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። የዘሃራ ኮምፒውተር ነበር። ዘሃራ ቢስቲማ ከምትባል ከተማ የመጣች ልጅ ናት፣ መረጃ የምታስገባ ጸሐፊ። ሌሎቹን ኮምፒውተሮች፣ የሌሎቹን ቀናት መግቢያም አላየሁም። ለምን አላየሁም? እንጃ፤ የኃላፊው "ጎበዝ!" ጣፍጦኝ ይመስለኛል። ዘሃራ "ወላሂ እኔ አይደለሁም" አለች።

በማግስቱ ሱቄ ተቀምጬ የራሴን ኮምፒውተር ቁጥር ከፈትኩ። ምን እንዳነሳሳኝ አላውቅም። ያው የዘሃራ ኮምፒውተር ቁጥር ነው። ከጎኑ ድሮ እኔው የጫንኩት፣ ለጥገና የመጣ የሰው ኮምፒውተር አለ፣ እሱንም አየሁ፤ ያው ቁጥር! ሁሉንም ከዚያው ከአንዱ ስገለብጥ ቁጥሩም አብሮ ተገልብጧል ማለት ነው። እንግዲያ የገባው ከዚያ ቢሮ ከማንኛውም ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል፣ የኃላፊውም ጭምር። እኔ ማንንም አላገኘሁም። ሥራው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ስልኩ አጠገቤ ነበር። "ተሳስቻለሁ" ብል ያበቃ ነበር። ግን "ቁጥሩ እንዴት አንድ ሆነ?" ቢሉኝስ? ኮፒ ጭኜ ኦሪጅናል ማለቴ ይወጣል፤ ስሜ ይጠፋል፣ ሱቄ ይዘጋል። ስለዚህ የእሷ ስም ይጥፋ አልኩ። በዚህ ቃል አላልኩትም፤ ግን አልኩት።

ግምገማ ተጠራ። በሠራተኛው ፊት አቁመው "ሂስሽን ዋጪ" አሏት። እኔ የቁጥሩን ነገር እንዳስረዳ ተጠርቼ ነበር። ሄድኩ፤ እያወቅሁ ተነስቼ አስረዳሁ። እግዚኦ፣ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም! ከኋላ አንዲት የኮንትራት ሠራተኛ "የልጆቼን እንጀራ ቀማሽኝ!" ብላ ጮኸችባት። ዘሃራን አባረሯት።

ከዚያ ሱቄ ድረስ መጣች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ምነው በሰደበችኝ! አልቀመጥም ብላ ቆማ፣ "ወንድሜ፣ ሳላውቅ የነካሁት ነገር ይኖር ይሆን? አንተ ታውቀዋለህ፣ ንገረኝ። እናቴ ፊት ምን ብዬ ልግባ?" አለችኝ። ራሷን ተጠራጥራ ነበር! ያው ቁጥር ያለበት ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ በርቷል። ወደ እሷ ባዞርላት ይበቃ ነበር። እኔስ ምን አልኩ? "ኮምፒውተር አይዋሽም እህቴ። ሳታውቂ ነክተሽ ይሆናል" አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። በመጀመሪያው ቀን አላወቅሁም ልል እችላለሁ። በዚህኛው ምን እላለሁ?

ዓመታት አለፉ። አክስቴን ልጠይቅ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ በሩ ላይ አገኘኋት። ጠቁራለች፣ ከስታለች። "ዘሃራ ነኝ፣ ረሳኸኝ?" አለችኝ። እንዴት እረሳታለሁ? ቢስቲማ እናቷ ጋ እንደገባች፣ የጽሕፈት ሥራ ተገኝቶላት እጇ ፈርቶ እንደተወችው፣ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ነክታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። "ሳላውቅ የስንቱን ድሃ እንጀራ ዘጋሁ" አለች። "ሳላውቅ" ያስባልኳት እኔ ነኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት ተሸክማው ኖራለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

"ያኔ ሱቅህ ድረስ መጥቼ አስቸግሬህ ነበር። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አለች።

እግሯ ላይ መውደቅ አልነበረብኝም? ሰው ይወጣል ይገባል፣ የሚኒባሱ ረዳት "ደሴ፣ ደሴ" እያለ ይጣራል። እኔ፣ ይህን ሁሉ ያደረግሁባት እኔ፣ "አፉ ብዬሻለሁ" አልኳት። ቅልል ብሏት ሄደች።

ይቅር በሉኝ አልልዎትም፤ የእርስዎ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? ይቅር ማለት የምትችለው ቢስቲማ ነው ያለችው፤ እሷም ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል። መንገዱን አውቀዋለሁ። አልሄድኩም።