አጎቴ ጭንቅላቱን ሊያስለካ የሄደ ጊዜ

እናቴ ለክብር ቀን ያላት መላ አንድ ነው፤ ቅቤ። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ሙሽራም ሆነ አዲስ የተሾመ የአገር ሽማግሌ ራሱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት ነው ሰው ፊት የሚቀርበው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሟ፣ ማለት ትንሹ አጎቴ፣ ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ወጥቶ ጭንቅላቱን የሚያስለካበት ቀን ሲደርስ ብዙም አላሰበችበትም። የጭንቅላት ክብር ከተባለ ከዚህ በላይ የለም ብላ በጠዋት በረንዳው ላይ አስቀመጠችውና የልጅ ጡጫ የሚያህል ቅቤ አናቱ ላይ ጫነችበት።

የአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ ቅቤ አያስቀምጥም። ታችኛው ከተማ ሲቀላ ካለው ቤታችን ወጥተን ሚኒባስ እስክንሳፈር በሁለቱም ጆሮዎቹ በኩል መውረድ ጀምሮ ነበር። አጠገባችን የተቀመጡት ሴትዮ በጆሮዬ ተጠግተው ማንን ሊያገባ ነው ብለው ጠየቁኝ። ማሽን ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አጎቴን ሸማኔ ነው ልበል ወይስ ነበር፣ በዚያ ሰሞን ቤተሰባችንን ያጨቃጨቀው ይኸው ነው። የተወለደው ኦቾሎ፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል ከሚያየው ተራራ ጫፍ ላይ ነው፤ ሽመናውን የተማረው ከታላቅ ወንድሙ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። አንድ ቀን ድምፆቹ ክሮቹ ስላንተ እያወሩ ነው አሉትና ለሠርግ የታዘዘ ቡልኮ በጅምር ላይ እንዳለ በቢላ ቆረጠው። ትልቁ አጎቴ የዚያኑ ሳምንት የሽመና ዕቃውን ፈታትቶ ከጣሪያው ስር ሰቀለው፤ ወንድሙን ደግሞ ወደ እኛ ላከው። ሆስፒታል ሐኪሞቹ ሕመሙን ስኪዞፍሬኒያ አሉት። መጀመሪያ ክኒን፣ ቀጥሎ በየወሩ የሚወጋ መርፌ ታዘዘለት።

አሁን ድምፆቹ ከራቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እሱ ራሱ ሲያስረዳ ግድግዳ ማዶ እንዳለ የጎረቤት ሬዲዮ ናቸው፣ ምን እንደሚሉም አይሰማኝም ይላል። ልብስ ከእኔ አስበልጦ ያጥባል፤ የሒሳብ የቤት ሥራዬንም ሳልጠይቀው ያርማል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጣሪያው ስር የተሰቀለውን ዕቃውን። የትልቁ አጎቴ መልስም ሁሌ አንድ ነው፤ ድኗል የሚል ወረቀት ይምጣ።

ስለዚህ መርፌውን የምትወጋው ነርስ፣ የሰው አእምሮ ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተዋል፣ ፈቃደኛ ከሆንክ ሂድ ስትለው ቤታችን የሰማው ሌላውን ሁሉ ትቶ ወረቀትን ነው። ነርሷ ወረቀት የሚል ቃል እንዳልወጣት እምላለሁ። እናቴ ግን ሰምታለች።

አጥኚዋ ከአዲስ አበባ የመጣች ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት ናት። በሩን ከፍታ አጎቴን ስታየው መሳቅ ፈልጋ ዋጥ አደረገችው። ራስ ላይ የሚጠለቅ ቆብ እንዳለ፣ ቆቡ ላይ ያሉት ትንንሽ የብረት ቁልፎች ከአእምሮ የሚወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ እንደሚለቅሙ፣ ቅቤ ካለ ግን ምንም እንደማይለቅሙ በትሕትና አስረዳችን። ለአንድ ሳምንት ቅቤም ቅባትም እንዳይነካው፣ ዋዜማውን በሳሙና ታጥቦ እንዲመጣ ቀጠሮ ሰጠችን። እናቴ ይህን ስነግራት በጣም ተቀየመች። ጭንቅላቱን ሊያዩ ፈልገው የጭንቅላቱን ክብር ጠሉ አለች። ቂሟን የተወጣችው በሳሙና ነው፤ በዚያ ሳምንት የአጎቴ ራስ ከትምህርት ቤታችን ሰሌዳ በላይ ታጥቧል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ትልቁ አጎቴ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ይዞ ከኦቾሎ ወረደ። ወረቀቱን በገዛ እጄ እቀበላለሁ ነው የሚለው። አማርኛው ከገበያ የማያልፍ ስለሆነ አስተርጓሚ አስፈለገ፤ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ብትለኩት ኖሮ ማሽኑ ይሰበር ነበር። ትልልቅ ሰዎች እኔ አፌን እስክከፍት ድረስ ጸጥ ብለው ሲጠብቁ ይታያችሁ።

የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ የክፍሉን ግድግዳ በፍራሽ ሸፍነውታል። አጥኚዋ ላፕቶፗን ከፍታ ድምፁን አሰማችን። ጢት፣ ጢት፣ ጢት፣ ጢት፣ ጧ። አንድ ዓይነት ድምፅ ሲደጋገም ቆይቶ ድንገት ልዩ ድምፅ ሲመጣ አእምሮ ባያስበው እንኳ ብንን ይላል፤ ይህ ሕመም ባለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ግን ያ መባነን አነስ ብሎ ይታያል፤ ለምን እንደሆነ ነው የምናጠናው አለች። ወባን በአንዲት የጣት ደም ጠብታ እንለያለን፤ ለዚህ ሕመም ግን እንደዚያ ያለ ምልክት ገና በእጃችን የለም፣ እሱን ነው የምንፈልገው አለችን።

እኔም ተረጎምኩ። ትልቁ አጎቴ በጋሞኛ፣ ገና ሳያገኙት ነው እንዴ ከዚያ ሁሉ ዳገት ያስወረዱኝ አለ። አጥኚዋ ምን አሉ ስትለኝ በርቱ ብለዋል አልኳት። ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ የሚያውቀው ትንሹ አጎቴ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳል አስመሰለው።

ከዚያ የፈቃድ ቅጽ ቀረበ። ትልቁ አጎቴ እንደ ታላቅ ወንድም ልፈርም ብሎ እጁን ዘረጋ። አጥኚዋ የተዘረጋውን እጅ አልፋ እስክሪብቶውን ለትንሹ ሰጠችውና የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት አለችው። ትንሹ አጎቴ ቅጹን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ጣቱን እያስኬደ አነበበ፤ አንዱን ገጽ መልሶ ደገመው። ታላቁ እየተነፈሰ ይቁነጠነጣል። አምስት ዓመት ሙሉ ስለሱ ሌላ ሰው ሲፈርም ኖሮ ዛሬ ቢዝናናበት አልፈርድበትም።

ቆቡ ሲጠልቅለትና ሽቦዎቹ ከራሱ ተነስተው ወደ ኋላ ሲወጠሩ ወደ ወንድሙ ዞር አለ።

«መሸመን ከልክለኸኝ ነበር» አለው። «ይኸው እኔው ላይ ድር ዘረጉብኝ።»

ትልቁ አጎቴ አልሳቀም። ጢሙ ግን ተንቀሳቅሷል።

ሥራው ቀላል ነው፤ ጆሮ ላይ ከተደፋው ማዳመጫ ለሚመጣው ድምፅ ሳትጨነቅ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ድምፅ የሌለው የዓሣ ፊልም ማየት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኮምፒውተሩን የያዘው ባለሙያ አስቆመ፤ ስክሪኑ ላይ ያሉትን መስመሮች የሚያንቀጠቅጥ ነገር አለ። ሽቦዎቹን አየ፣ ቆቡን አስተካከለ፣ እንደገና ጀመረ። አሁንም አስቆመ። በሦስተኛው አጥኚዋ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ስር ስታይ የአጎቴ እግሮች እየሠሩ ናቸው። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ከማዳመጫው አልፎ በሚሰማን በእያንዳንዱ ጢት። ጧ ስትመጣ ሁለቱም ቀጥ።

ሸማኔ ሲሠራ እግሮቹ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ መርገጫውን እያፈራረቁ ይረግጣሉ። የመወርወሪያው ድምፅ ከተለወጠ ክር ተበጥሷል ማለት ነውና ሐሳብ ሳይደርስ እግር ይቆማል። ይህን ለአጥኚዋ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ አጎቴ አፍሮ ይቅርታ ብቻ ነበር የሚለው። እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግታ ትራስ ላይ አሳረፈችለት፤ ከዚያ በሰላም ተለካ።

ሽቦዎቹ እንደተነሱለት ትልቁ አጎቴ ዱላውን ተደግፎ ቆመ። አሁን ጠይቂያት፣ ድኗል ወይስ አልዳነም አለኝ። ጠየቅኋት። አጥኚዋ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ዓይን ዓይኑን እያየች ሰጠችው።

«አባቴ፣ ይህ ማሽን የአንድን ሰው መዳን አይነግረንም። የምንማረው ከብዙ ሰው ሰብስበን ነው። ወረቀት ብሰጥዎ የሐሰት ወረቀት ነው የምሰጥዎት። እሳቸውን የሚያውቁት የሚከታተሏቸው ሐኪም ናቸው።»

አሁን ተራው የእኔ ነው። ትልቁ አጎቴ አፌን ያያል። በዚያች ቅጽበት ውሸቱ ተሰናድቶ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ድኗል ትላለች። ሁለት ቃል። ዕቃው በነጋታው ከጣሪያው ይወርድ ነበር። ቅድም በርቱ ብለዋል ስል ማን ምን አለኝ? ትንሹን አጎቴን አየሁት። ሰምቷል፣ ገብቶታል፤ ምን እንደማስብም ገብቶታል። ፎጣውን ከራሱ ላይ አንስቶ በጋሞኛ ተናገረ።

«ማሽኑ አላውቅም ብሏል። ልጅቱን አታስጨንቃት።»

ትልቁ አጎቴ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ የጫማዬን ክር ማየት ጀመርኩ። አጥኚዋ ከዚህ ሁሉ ምን እንደተረዳች አላውቅም፤ ብቻ ጥናቱ ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ሰዎችም እንደሚያስፈልጉት፣ በሥራና በኑሮ የሚመሳሰል ሰው ቢገኝ ደግሞ ጥሩ እንደሆነ ተናገረችና ፈቃደኛ ይሆኑ እንደሆነ ጠይቂልኝ አለችኝ። ይህንን ምንም ሳልጨምር ተረጎምኩት።

ትልቁ አጎቴ በእጁ ያልዳሰሰውን የማያምን ሰው ነው፤ ክር እንኳ ሲገዛ በጥርሱ ስቦ ነው። አሰበ፣ አሰበና ዱላውን ለእኔ ሰጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ቅጹን ቃል በቃል እየተረጎምኩ አነበብኩለት፤ ፈረመ። አናቱ ላይ አንድም ፀጉር ስለሌለ የባለሙያው ደስታ ወሰን አልነበረውም።

ጢት፣ ጢት፣ ጢት። ባለሙያው ብዙም ሳይቆይ ቀና አለ፤ አባቴ እግርዎን ያሳርፉ አለው። ተረጎምኩ። ትልቁ አጎቴ ጆሮው ስለተደፈነ እየጮኸ እግሬን አላነቃነቅሁም አለ። ትንሹ አጎቴ ግድግዳው ላይ ያለው ፍራሽ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ትልቁ ወደ ታች አየ። የገዛ እግሮቹ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ጧ ስትል ቀጥ። ቀና ሳይል ጠበቃት፤ ጧ እንደገና መጣች፣ እግሮቹ እንደገና ቆሙ።

«አንተም እዚህችው ላይ ነው የቆምከው?» አለ፣ አሁንም እየጮኸ።

ትንሹ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ባለሙያው ቋንቋውን ስለማያውቅ መናገርም ክልክል ነው ብሎ ተቆጣ።

ስንመለስ ሁለቱ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እስከ ሲቀላ ድረስ ትልቁ ትንሹን የሚፈትንበት ፈተና ነበር፤ ለቡልኮ ስንት ክር ይዘረጋል፣ ክረምት ላይ ድሩ ሲላላ ምን ይደረጋል፣ ማጉ ሲያብጥስ። ትንሹ አንዱንም አልሳተም፤ አንዱን እንዲያውም ተከራክሮ ረታ። እናቴ በር ላይ ሆና ወረቀቱስ ስትል ትልቁ አጎቴ ወረቀት የለም አላት። ሰኞ ግን ከእኔ ጋር ወደ ኦቾሎ ይውጣ፤ የመርፌው ቀን ሲደርስ እኔው አወርደዋለሁ አለ። እናቴ ሳይገባት ደስ አላት።

ትምህርት ሲዘጋ ኦቾሎ ወጣሁ። ግቢው ሳልደርስ የትልቁ አጎቴ ድምፅ ተቀበለኝ። ዕቃው ወርዶ ተተክሏል፤ ትንሹ አጎቴ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ተቀምጧል፤ ትልቁ በላዩ ቆሞ የቡልኮውን ጠርዝ በዱላው እየነካካ፣ ይህ ጠርዝ ነው ወይስ የከብት መንገድ እያለ ያወርድበታል። ደነገጥኩ። በእኛ ቤት አምስት ዓመት ሙሉ አጎቴን እንደ እንቁላል ይዘን ነው የኖርነው፤ ወጥ ላይ ጨው ቢያበዛ እንኳ ይጣፍጣል ብለን እንበላ ነበር። ቀስ በል ልለው ስል የትንሹ ፊት ፈክቶ አየሁና ተውኩት።

«ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው» አለው ቀና ሳይል። «የጠመመው ያንተ ዓይን ነው።»

ትልቁ አጎቴ ባሰበት። አራት ጣት ያህል እንዲፈታ አዘዘው። ትንሹ አጎቴ እኔን በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝና፣ እያጉረመረመ፣ እንደማንኛውም የተቆጡት ሸማኔ ክሩን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ።