በቀዝቃዛ ውሃ

ጄኔቫ ውስጥ የሰው ልብስ ሳጥብ ነው ያረጀሁት። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ግራንድ ሳኮኔ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ አንሶላና ፎጣ አጥቤያለሁ። ስለዚህ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በልብሱ ነው የማውቀው። ማን ሲያለቅስ እንዳደረ የትራስ ልብሱ ይነግረኛል፤ ማን ሕመሙን እንደደበቀ አንሶላው ይነግረኛል። እንግዳው ላይ ቤት ከረባቱን አስሮ ቁርሱን ሲበላ፣ ገበናው ታች እኔ እጅ ላይ ነው። አልናገርበትም፤ ሳላይ ግን አላልፍም። ባሌ ከኔ ጋር መኖር ያቃተው በዚሁ አመሌ ነው፤ አልፈርድበትም።

እንዲህ ዓይነቷ ሴት የገዛ እህቴን ልብስ አይቼ ዝም አልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ለመልስ የሚሆን ምክንያት አላጣም። ለራሴ ግን አልበቃኝም።

እትዬ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ደሴ ስትሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጸጉሬን የሠራችኝ፣ የገረፈችኝ፣ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ኋላ ስደቱ ሲመጣ እሷ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ቀረች፣ እኔ ጄኔቫ። እሷ መጋዘን ውስጥ ቆማ ዕቃ ስታሽግ ኖረች። አምና ጡረታ ስትወጣ፣ እዚያው የተወለደችው አንድ ልጇ ለሁለታችን ትኬት ገዛችልን፦ ከጣሊያን፣ ከጄኖቫ ወደብ ተነስቶ ሰባት ቀን ባሕር ላይ የሚዞር የሽርሽር መርከብ። እትዬ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ለመዝናናት ብላ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሠርግ ካልሆነ ለቅሶ ነው።

ሻንጣዋን ላዘጋጅላት ዲቲኮን ሄድኩ። ስደርስ ራሷ አዘጋጅታ ጨርሳለች። አየሁት፦ ሦስት ድፍን ሳሙና፣ ትንሽ የፕላስቲክ ሳፋ፣ የልብስ መቆንጠጫ።

«እትዬ፣ ሽርሽር ነው ወይስ ቦርከና ወንዝ ልብስ ልናጥብ ነው የምንወርደው?» አልኳት።

«ዝም በይ አንቺ ልጅ። ልብሴን የሰው እጅ አይነካውም።»

ሳቅን። ከሳፋው ስር ግን የውስጥ ልብስ ተቆልሏል፤ ለሰባት ቀን ሃያ የሚሆን፣ ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ጥቁር። እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ ነጭ ጥጥ እንጂ ሌላ ለብሳ አታውቅም። ነጭ ካልሆነ መጽዳቱን በምን አውቃለሁ ትል የነበረች ሴት ናት። አየሁና ሻንጣውን ዘጋሁት።

መርከቡ ላይ የመጀመሪያው ውርደት የኔ ነበር። ልብስ ተጨማዶ መታየት ስለማልወድ ትንሿን ካውያዬን ይዤ ነበር፤ መግቢያው ላይ ሻንጣዬን ሲፈትሹ አገኟትና እሳት ታስነሳለች ብለው ወሰዱብኝ። ስንወርድ እንደሚመልሱልኝ የሚል ወረቀት ሰጡኝ። እትዬ እስኪያማት ሳቀች። እውነትም አማት መሰለኝ፤ ሆዷን ይዛ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ተነፈሰች።

ክፍላችን መስኮት የለውም፤ ሁለት አልጋና አንዲት ጠባብ መታጠቢያ ቤት ብቻ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ የልብስ ከረጢት ተሰቅሏል፤ የቆሸሸውን ሞልተሽ ለጽዳት ሠራተኛው ብትሰጪ በነገታው ታጥቦና ታጥፎ ይመለሳል። እኔ የሰው ልብስ ሳጥብ የኖርኩ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የኔን ሌላ ሰው ይጠብልኝ ብዬ ሞላሁት። እትዬን ጨምሪ ስላት ፊቷን አዞረች። በየቀኑ ከቁርስ በኋላ መታጠቢያ ቤቱን ከውስጥ ትቆልፍና ውሃው ግማሽ ሰዓት ይንሾካሾካል። ከገላ መታጠቢያው በላይ ከግድግዳው የሚሳብ ቀጭን የልብስ ገመድ አለ። በዚያ ላይ ሁልጊዜ የሚታየው የራስ መሸፈኛዋ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስትወጣ እጇን አየሁት፤ ቀልቶ ደንዝዟል።

«ሙቅ ውሃ የለም እንዴ?»

«ሙቅ ልብስ ያበላሻል» አለችኝ።

ይህን ለኔ ትላለች! ልብስ የሚያበላሸውን ለኔ! ግን አልተከራከርኩም። እሷ ወደ ምግብ አዳራሹ ስትወጣ ገባሁና የራስ መሸፈኛውን አነሳሁ። ከስሩ ጥቁሮቹ ተደርድረው ውሃ ያንጠባጥባሉ።

እዚያው ቆሜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ጓሮ ወስዳ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ደም ሙቅ ውሃ ከነካው አይለቅም፤ በቀዝቃዛ ነው፤ ወንዶቹ ሳይነሱ ነው፤ ስታሰጪም ከነጠላ ስር ነው። ሆቴሉ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እኔም ይህንኑ አስተምራለሁ፣ የነጠላውን ነገር ትቼ።

ከዚያ መስገጃዋን ፈለግሁ። ሻንጣዋ ስር፣ ከቤት እንደተጠቀለለ ነው። እትዬ ሶላት የማታልፍ ሴት ናት፤ መጋዘን ሳለች እንኳ በካርቶን መሃል ትሰግድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መርከቡ ስለሚዞር ቂብላው፣ የመካ አቅጣጫው፣ አይያዝልኝም ብላኝ ነበርና አምኜ ነበር። እኔ ራሴ ሶላቴን የማቆራርጥ ስለሆንኩ ለምን አልሰገድሽም ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፤ ይህን ልጅም ያውቀዋል። እትዬ ግን ስድሳ አምስት ዓመቷ ነው። ያ ነገር ከተዋት አሥር ዓመት አልፎታል፤ ሲተዋት «ተገላገልኩ» ብላ ደውላልኛለች።

ይባስ ብሎ ደግሞ የማላውቀው ነገር አልነበረም። የኔ የቆመ ጊዜ ጄኔቫ ያለችው ሐኪሜ ጣቷን ቀስራ፣ ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ ብታዪ በዚያው ሳምንት ነይ ብላኛለች። አዎ፣ አውቅ ነበር።

እና ወጥቼ ምን አደረግሁ? ፊቴን ታጥቤ፣ የተጨማደደ ቀሚሴን ለብሼ፣ ምሳ ሄድኩ። እትዬ አሣ ትበላለች። መስኮቱ አጠገብ ነን፤ ባሕሩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ዳርቻ የለውም።

«ደስ ብሎኛል እኮ» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ሳላውቅ ልሞት ነበር።»

ይህን ብላ ሳለ እንዴት ልጠይቃት? እናት የሆነችሽን ሴት ስለ ውስጥ ልብሷ በምን አፍሽ ትጠይቂያለሽ? ሽርሽሯ ይለቅ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ አልኩ። በቀሩት አራት ቀናት ውሃው በተንሾካሾከ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ድምፁን ከፍ አደርግ ነበር። ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ ቆማ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል የምታይ ትመስላለች፤ እኔም አብሬያት ሥዕሉን አያለሁ።

ጄኖቫ ወርደን ካውያዬ ተመለሰችልኝ። ሚላኖ ላይ ተሳስመን፣ እሷ የዙሪኩን ባቡር ያዘች፣ እኔ የጄኔቫውን። የቆሸሸ ልብሷን ለብቻ በከረጢት አድርጋ በሁለት ቋጠሮ አስራዋለች። ልያዝልሽ ብላት ወደ ደረቷ ሳበችው።

ከዚያ ሦስት ሳምንት አለፈ። በየማታው ጄኔቫ ዳር፣ ቬርኒየ ካለው ቤቴ እደውልላታለሁ። ስለ ዝናብ እናወራለን፣ ስለ ቲማቲም እናወራለን። ነገ እጠይቃታለሁ እላለሁ። ነገ ሲመጣ ሥራ ቦታ አንድ የደም ጠብታ ያለበት አንሶላ ይመጣል፤ ማታ ደውዬ ደግሞ ስለ ቲማቲም አወራለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። የሌላውን በሽታ አብሮ የደበቀውን ምን እንደሚሉት እንጃ።

እንደ ብዙው የስዊስ ሕንፃ ዲቲኮንም ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት ባለች የጋራ ክፍል ነው፤ ቫሽኩኸ ይሏታል። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ ተራሽ በደረሰ ቀን ብቻ ነው የምታጥቢው። የእትዬ ተራ ማክሰኞ መሆኑን ስለማውቅ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ፣ ሳልነግራት፣ በማለዳ ባቡር ሄድኩ። ላይ ሳልወጣ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። ማሽኑ ባዶውን ቆሟል። እትዬ ጥግ ያለው ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ በእጇ ታሻለች። ውሃው ቀይ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። ሰላም እንኳ አላልኳትም።

ደነገጠች፤ ከዚያ እንደ ልጃገረድ አፈረች። «ምን ላድርግ፣ ልጅነት ተመልሶብኝ» ብላ ልትስቅ ሞከረች።

«ከመቼ?»

«ከረመዷን ወዲህ። አልጾምኩም፣ አልሰገድኩም። በዚህ ዕድሜዬ ለማን አወራዋለሁ? ሰው ቢስቅብኝስ?»

«ሐኪም ሄደሻል?»

«ለወር አበባ ማን ሐኪም ይሄዳል፣ አንቺ ደግሞ!»

ስምንት ወር ሆኗል። ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም፤ ግድግዳው ሁሉ አስተጋባ። «መርከቡ ላይ አውቄያለሁ እትዬ፣ አይቼዋለሁ!» ስላት እጇን ከውሃው አወጣች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

ዙሪክ ሆስፒታል ስንሄድ ልጇን መንገር ግድ ሆነ። እኔ የማውቀው ፈረንሳይኛ ነው፤ ዙሪክ ስገባ ዲዳ ነኝ። ምርመራው ተደርጎ ውጤቱን የሰማን ቀን ሦስታችን ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን። ሐኪሟ ብዙ ተናገረች። እኛ ክፉ ወሬ አንወረውርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ዙሪያውን ተዙሮ፣ ለስልሶ ነው የሚነገረው። ልጅቷ ግን የምታለሰልስበት አማርኛ የላትም።

«ማማ… ሐኪሟ ትላለች፣ ካንሰር ነው። በማሕፀን። ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። እ… ሽፔት ነው። ለምን እንዲህ ሽፔት መጣሽ ትላለች።»

ሽፔት ማለት ዘግይቷል ማለት መሆኑን ማንም አልተረጎመልኝም። እትዬ አላለቀሰችም። የልጇን ጉልበት መታ መታ አደረገች። «ጎበዝ፣ በደንብ ተናገርሽ» አለቻት።

ያስለቀሳት ሌላ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያ ደም የበሽታ ከሆነ፣ ሶላቱስ?» አለችኝ። ቤት ገብተን ለአንድ የማውቃቸው ኡስታዝ ደወልን።

«የበሽታ ደም ሶላት አይከለክልም፣ እናቴ» አሏት። «ታጥበው፣ ለየሶላቱ ውዱእ አድርገው መስገድ ነበረብዎት። ባለማወቅ ነው፤ አላህ መሐሪ ነው። ያለፈዎትን የቻሉትን ያህል መልሰው ይስገዱት።»

ስልኩን ዘግታ፣ ስምንት ወር በከንቱ ከጌታዬ ራቅሁ ብላ አነባች። ሐኪሟ ዘንድ ያልወጣው እንባ ሁሉ ያን ጊዜ ወጣ። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ራሴን ረገምኩ። መርከቡ ላይ አንዲት ቃል ብተነፍስ ቢያንስ ያን ሳምንት ትሰግድ ነበር።

አሁን በየተራዋ ማክሰኞ እየሄድኩ ልብሷን የማጥበው እኔ ነኝ። እሷ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ሆና ትሰግዳለች፤ የዕለቱን ዙህር፣ የቀትሩን ሶላት፣ ጨርሳ ካለፈው አንድ ዙህር ትጨምራለች። አንድ ቀን «ይደርስልኝ ይሆን?» አለችኝ። ስለ መድኃኒቱ መስሎኝ ሐኪሟ ያለችውን መናገር ጀመርኩ። ራሷን ነቀነቀች፤ ስለ ሶላቱ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ከረጢቱን በሁለት ቋጠሮ አስራ፣ ሳታየኝ ነበር የምትሰጠኝ። የውስጥ ልብሶቿንም ለብቻ አስቀርታ ራሷ ታጥብ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ስገባ ከረጢቱ በሩ ላይ ተቀምጧል። አልታሰረም። አፉ ተከፍቶ ሁሉም ይታያል። እትዬ አልጋ ላይ ናት፤ ወንበሯ ባዶ ነው።

«በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ አትዪኝም ዛሬ?» አልኳት ልቀልድ ብዬ።

«እንደፈለግሽ እጠቢው» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ከረጢቱን ይዤ ወረድኩ። ቧንቧውን ከፍቼ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ፈርቻለሁ።